ኋላውን ያጠረ ሾፌር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሾፌር ነበረ። ቁጭ በይ እንጂ ትርንጎዬ፤ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር አትመላለሽብኝ፣ አዞርሽኝ እኮ። «እማማ፣ አንዴ የተጎዳ ሰው ራሱን እንዴት ነው የሚጠብቀው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲያው ስሚኝ።

ይህ ሾፌር ከደጋ ወደ ቆላ ሰው የሚያመላልስባት፣ በአራቱም ጎማዋ የምትገፋ፣ መንገድ በሌለበት የምትሄድ መኪና ነበረችው። እርሻውም ላሙም እሷው ነበረች። አንድ ቀን ኬላ ላይ ቆሞ ሳለ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የመኪናዋ ኋላ ግን እንደ ጣሳ ተጨማደደ።

መኪናዋ ተጠገነች፤ እሱ ግን አልተጠገነም። ከዚያ ወዲያ ሲነዳ ዓይኑ ከስፖኪዮው አይነቀልም። ከኋላው ክላክስ የሰማ እንደሆነ ትከሻው ይዘላል። ምሳ ቀርቦለት እንኳ ብድግ ይልና ወጥቶ የመኪናዋን ኋላ ዳብሶ ይመለሳል። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ያገባኸው እኔን ነው እሷን?» ትለዋለች። ማን ሰምቷት!

በመጨረሻ አንድ በያጅ ዘንድ ሄደ። «ጠንካራ የኋላ ፓራውልት ፈልጌ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን አውልቀህ ጣልልኝ፤ ቆርቆሮ ነው» አለው። ፓራውልት ማለት ያ መኪና ሲጋጭ ምቱን የሚቀበለው ብረት ነው፤ አንቺማ ታውቂዋለሽ፣ በስተርጅና የተማርኩት እኔ ነኝ።

በያጁ ሁለት ዓይነት አሳየው። አንደኛው ከወፍራም ቧንቧ የተሠራ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ያሉ። ሁለተኛው ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ የተበየደ ነው፤ ሁለት ሰው የማያነሣው፣ ወደ መሬት ዘቅዘቅ ብሎ የሚንጠለጠል። ሾፌሩ መዶሻ አነሣና ሁለቱንም መታ መታ አደረጋቸው። ቧንቧው ጮኸ። ሐዲዱ ምንም አላለም።

«ይኼ ነው ብረት!» አለ።

በያጁ ተንበርክኮ ከመኪናዋ ኋላ እስከ መሬት በስንዝር ለካ። «ጌታው፣ እርስዎ የሚሄዱት ቆላ ነው፣ ወንዝ ለወንዝ። ይኼ ከታሰረ ከመሬት የሚለየው ስንዝር ተኩል ነው። መግባቱን ይገባሉ፤ ነገሩ ሲወጡ ነው።»

«አንተ ተገጭተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው እሰር።»

ምን ያድርግ? ከሻንሲው ጋር፣ ከመኪናዋ አጥንት ጋር ማለት ነው፣ በስድስት ትልልቅ ብሎን አጥብቆ አሰረለት። ለሾፌሩ ይህም አልበቃውም። ትርፍ ጎማውን ከላይ ሰቀለበት። ሰነበተና ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ጨመረበት፤ «ምን ይታወቃል» እያለ። መኪናዋ እንደ ላታም በግ ኋላዋ ወርዶ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና አለ። እሱ ደግሞ ያረፈ መሰለሽ? ብሎኖቹ ላልተው እንደሆነስ እያለ በየመንደሩ ቆሞ ይነካካል። ድሮ የሚፈራው መገጨትን ነበር፤ አሁን መገጨትንም ብሎኑንም ሆነ።

በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ከነፍየላቸው፣ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ጭኖ ሲሄድ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ደረሰ። ቆላው ፀሐይ ነው፤ በደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ገባ። አሸዋውን በደህና አቋረጠ። የፊት ጎማዎቹ ዳገቱን ይዘው ወደ ላይ ሲሉ ኋላዋ ዝቅ አለና ሐዲዱ እንደ ማረሻ አሸዋው ውስጥ ገባ። የኋላ ጎማዎቹ በባዶ ተሽከረከሩ። ነዳጅ ሰጠ፤ እንቢ። ወደ ኋላ አለ፤ እንቢ።

ሽማግሌው ወርደው ዞረው አዩና «ልጄ፣ ላቷ ነው የያዛት» አሉት።

«አባቴ፣ ይተዉኝ እስቲ። እርስዎ ስለ መኪና ያውቃሉ?»

«ስለ በግ አውቃለሁ።»

ይህን እንዳሉ ከወንዙ ራስ በኩል ድንጋይ የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሴትዮዋ ልጆቿን አንጠልጥላ ወደ ዳርቻው ሮጠች። ደራሽ ነው፤ ደጋ ዘንቦ ቆላ የሚወርደው ውኃ። ቆመው ቢያመነቱ የሚምር አይደለም።

ሾፌሩ ጎማውንም ጀሪካኖቹንም አውርዶ ወረወረ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። መፍቻ ይዞ በጀርባው ተንጋለለና ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ፣ አታምኚኝም፣ እጁ ቆመ። ውኃው እየጮኸ እጁ ቆመ! «ይኼን ከፈታሁ ኋላዬ ባዶ ይቀራል» አለ፤ አፍ አውጥቶ።

ሽማግሌው ፍየላቸውን ለሴትዮዋ ወርውረው ተመልሰው ወረዱ። «አንተ ጅል! አንተ ኋላህን ታጥራለህ፣ ውኃው በጎንህ እየመጣልህ ነው! ፍታ!»

ፈታ። ስድስተኛው ግን አልላላ አለ። የክሪኩን ዘንግ መፍቻው ላይ አስረዝመው ሁለቱም ተንጠለጠሉበት፤ ቀጭ ብሎ ዞረ። ሐዲዱ አሸዋው ውስጥ ተቀምጦ ቀረ፤ ሾፌሩ ገብቶ ነዳጅ ሲሰጥ መኪናዋ ሸክሟ እንደወረደላት አህያ ዘላ ወጣች። ከዳርቻው ሆነው ዞር ሲሉ ውኃው ደረሰ። ያንን ሁለት ሰው የማያነሣውን ብረት እንደ ገለባ እያንከባለለ ይዞት ሄደ።

ሾፌሩ ኋላዋ የተገለጠ መኪና ይዞ፣ በጭነት መኪኖች መሀል አልፎ፣ በያጁ ዘንድ ተመለሰ። በያጁ አየውና ወንበር ሳበለት፤ ጨዋ ሰው ነው። ሾፌሩ በዚህ ቀን መዶሻ አላነሣም። «የቱ ነው ወንዝ የሚያስወጣኝ?» ብቻ ነው ያለው። የቧንቧውን አሰረለት።

አየሽ ትርንጎዬ፣ ያ ሾፌር አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው እጮኛሽ የሠርግ ካርድ ከታተመ በኋላ ጥሎሽ ሄደ፤ ከኋላ ገጨሽ፤ አልክድም፣ አብሬሽ አልቅሻለሁ። አሁን የመጣው ልጅ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለት ጊዜ መለስሻቸው። መጀመሪያ ዋስ ይጥራ አልሽ። ቀጥሎ ወንድሞቹ ይማሉ አልሽ። ትናንት ደግሞ አንድ ዓመት ይጠበቅ ብለሽ ጨመርሽበት። እሁድ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ፤ ሽማግሌ አራተኛ አይመጣም።

ራስሽን አትጠብቂ አላልኩሽም። ሾፌሩም ያለ ፓራውልት አልቀረም። ግን ጥበቃሽ ከመሬት ከፍ ይበል፤ የምታልፊበትን መንገድ አይቆፍርብሽ። የምትፈሪው ነገር ካለ አንዱን ይዘሽ፣ አንቺው ራስሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ጠይቂው። መልሱ ካልጣመሽ ልጁን እንቢ በዪው፤ እኔም እመርቅሻለሁ። ሌላ ሰው ስለ መታሽ ግን ይኼኛውን አትመልሺው።

አሁን ቁጭ በይና አንድ ነገር ንገሪኝ። ይኼ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሲስቅ እንዴት ነው? ስድስት ወር ሙሉ ስትነግሪኝ የከረምሽው ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ነው፤ ስለዚህኛው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልሰማሁም።