ፊቱን ያዞረው መምህር

ስሟን የጠራውን የማታሳፍር፥ የተማጸናትን የማትገፋ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃዋ በዚህ ቆመን በምንሰማው ሁሉ ላይ ይደር፤ ለተማሩትም፥ ላስተማሩትም፥ እያስተማሩ ላልተማሩትም፥ አሜን። ምእመናን ሆይ፥ ጆሯችሁን አቅኑ፤ የዛሬው ነገር የሚያሳፍር ነውና አንገት ደፍቶ መስማት ይሻላል።

ወይራ አምባ በምትባል አገር፥ በኪዳነ ምሕረት ደብር፥ ስሙ ላእከ ማርያም የተባለ የዜማ መምህር ነበረ። እርሱም ከወላዲተ አምላክ ፍቅር የተነሣ ጧት ጧት አፉን በውሃ ሳያርስ በሥዕሏ ፊት ቆሞ ምስጋናዋን በዜማ ያደርስ ነበርና፥ ይህን ሳይፈጽም ወንበሩ ላይ አይቀመጥም ነበር፤ ዳግመኛም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነኝን ማንንም ባዶውን አልሰድም ብሎ ስእለት ተስሎ ነበርና፥ መንገደኛውም ድውዩም ለምኖ አዳሪው ተማሪም ከደጁ በስሟ ሲቆም ከገዛ ሌማቱ እያነሣ ይሰጥ ነበር። እንጀራው ቢያልቅ ቆሎ፥ ቆሎው ቢያልቅ የራሱን እራት ይሰጣል። በዚህ ማንም አያማውም፤ እኔም አላማውም።

ድምፁም እጅግ ያማረ ነበርና ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ። እንደምታውቁት ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሻገር ነው፤ ተማሪው የመምህሩን አፍ አፉን እያየ ያወጣውን ያወጣል፥ የጣለውን ይጥላል። ላእከ ማርያም በልጅነቱ ጆሮውን ታሞ ነበርና ሲዘምር አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ተማሪዎቹም ጆሯቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ከፍ ያለውን ዜማ ሊያነሣ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እነርሱም ይጠርጋሉ። ከወይራ አምባ የወጣ መዘምር በሄደበት አገር ገና አፉን ሳይከፍት በአንገቱ ይታወቅ ነበር። ሰውም ይህን እያየ ይስቅ ነበር እንጂ ከዚህ የከፋ ነገር አብሮ ይሻገራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የከፋውም ይህ ነው፤ ላእከ ማርያም ትዕግሥት አልነበረውም። እንጀራ ለለመነው እጁ ፈጣን የነበረውን ያህል፥ «ይድገሙልኝ» ላለው ተማሪ ልቡ ጠባብ ነበረና፥ መቋሚያውን መሬት ላይ መትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ተማሪው ያ ፊት እስኪመለስለት ቆሞ ይጠብቃል፤ ፊቱም አንዳንድ ጊዜ ሳይመለስ ይመሻል። የተገረፉት ግርፋቱን ረሱት፥ ያቺን ፊት ማዞር ግን የረሳ የለም።

ከተማሪዎቹም መካከል አያ ፈንቴ የሚባል ጢሙ የሸበተ ሰው ነበረ። እርሱም ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱ በወሊድ ተይዛ ሳለች «እመቤቴ ሆይ፥ እርሷን ብታተርፊልኝ ቀሪ ዘመኔን በዜማ አመሰግንሻለሁ» ብሎ ተስሎ ነበር፤ ሚስቱ ግን ሞተች። ሰዎችም ስእለቱ ቀረልህ ቢሉት እርሱ ግን ከአምላክ እናት ጋር ገበያ አልወጣሁም ብሎ፥ ሞፈሩን ሰቅሎ፥ ጎረቤቱም መርቆ ሸኝቶት መጣ። ጭንቅላቱም እንደ መሬቱ ድንጋያማ ሆነበትና አንዲቱን የምስጋና ዜማ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ይዟት ከረመ፤ እስከ መካከሏ ደህና ይሄድና ከዚያ ትጠፋዋለች። መምህሩ ፊቱን ሲያዞርበት ልጆቹ ይስቁበታል፤ እርሱም አብሮ ፈገግ ይላል፤ ከዚያም በመንገድ ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት በዓል በቀረበ ጊዜ አያ ፈንቴ ለበዓሏ ያቺን አንዲት ዜማ ሊያደርስላት እጅግ ወደደና በጉባኤው መካከል ተነሥቶ «የኔታ፥ በእንተ ስማ ለማርያም፥ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ» አለ። መምህሩም መቋሚያውን መሬት ላይ መታና፦

«የማርያም ስም ለቁራሽ ነው እንጂ ለደነቆረ ጆሮ አይጠራም። ሂድ፥ ሞፈርህ ይፈልግሃል» አለው፤ ፊቱንም አዞረ።

ልጆቹም ሣቁ። አያ ፈንቴም እንደ ወትሮው ፈገግ ሊል ፈልጎ አልሆነለትምና፥ መሬት ስሞ «ይፍቱኝ የኔታ» ብሎ ወጣ፤ ወደ አገሩም እንዳይመለስ የመረቁትን ሰዎች አፈረ፥ ወደ ጎጆውም እንዳይገባ ልጆቹን አፈረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፥ ላእከ ማርያም በዚያች ቃል ስእለቱን ማፍረሱን ልብ አላለም። በስሟ ለመጣ አንድ ለማኝ በዚያው ቀን እንጀራ ቆርሶ ሰጠና እራቱን በልቶ በሰላም ተኛ።

በበዓሉም ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ፥ ካህናቱ ጸናጽል ይዘው፥ ከበሮው ተነሥቶ፥ ሁሉ መሪጌታው ዜማውን እንዲያነሣ ሲጠብቅ፥ ላእከ ማርያም አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፥ ጉሮሮውን ጠረገ፥ አፉንም ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ድምፁ አልተዘጋም፤ ዜማው ነው የጠፋው። የበዓሉን ቢፈልግ የለም፥ የአዘቦቱን ቢፈልግ የለም፥ በልጅነቱ መጀመሪያ ያጠናውን ቢፈልግ እርሱም የለም። ተማሪዎቹ ያን ዜማ ሁሉም እንደ ውሃ ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን ከመምህሩ አፍ ቀድሞ አፍ መክፈት ነውር ነው ብሎ ያስተማራቸው እርሱ ነበርና፥ አፉን አፉን እያዩ ዝም አሉ። ቤተ ክርስቲያኑም ጭው አለ። እልል ሊሉ የተዘጋጁት ሴቶች እጃቸው አፋቸው ላይ እንዳለ ቀረ። በመጨረሻም የደብሩ አለቃ አንድ ሽማግሌ ካህን ጠቅሶ ምስጋናው ያለ ዜማ በቁሙ እንዲነበብና ሥርዓቱ እንዲቀጥል አደረገ፤ ሕዝቡም ገሚሱ ታሞ ይሆናል አለ፥ ገሚሱም ጠጥቶ ይሆናል አለ፥ አንዱም የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አለ። መሪጌታውም ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ፥ ካህናት በሚወጡበት በር መውጣት ቢያፍር፥ በሴቶች በር ሹልክ ብሎ ወጣ።

ከዚያም ከደብሩ ቅጥር ውጭ ከአንድ ጽድ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሊጸልይ ወደደ፤ ጸሎቱ ሁሉ በዜማ የነበረ ነውና «እመቤቴ» ከማለት በቀር የሚለው አጣ። ያችኑ ቃል ብቻ እያለ ሲያለቅስ፥ ቀን በቀትር፥ እመቤታችን በብርሃን ተከናንባ በራስጌው ቆመች። እንዲህም አለችው፦

«ላእከ ማርያም ሆይ፥ በስሜ ቁራሽ ለለመነህ ሁሉ ሰጠህ። በስሜ ቃል ለለመነህስ ምን ሰጠኸው?»

እርሱም እግሯ ሥር አፈር ሳመ። እርሷም «እንግዲህ አኩፋዳ ያዝና አንተም ለምን» አለችው፤ ከዐይኑም ተሰወረች።

ላእከ ማርያምም ተነሥቶ በአንድ ጎጆ ደጅ ተሰቅሎ ያገኘውን የተማሪ ደበሎ ለበሰ፥ ተማሪ ቁራሽ የሚለምንበትንም አኩፋዳ በክንዱ አንጠለጠለ፤ እመቤታችንም የተማሪዎቹን ዐይን ያዘችው፥ ማንነቱንም አላወቁትም። አስቀድሞም የተማሪዎቹ የበላይ ወደሆነው፥ መምህሩ በሌለ ጊዜ ወንበር ወደሚጠብቀው ወደ ዲያቆን ቃለ ጽድቅ ጎጆ ሄዶ «በእንተ ስማ ለማርያም፥ አንዲት ዜማ ንገረኝ» አለው። ቃለ ጽድቅም ጨዋ ልጅ ነበር፤ ለለማኝ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። እንጀራ ቢለምነው በሰጠው ነበር። አሁን ግን አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፥ ጉሮሮውን ጠረገ፥ መቋሚያውንም መሬት ላይ መታና፦

«የማርያም ስም ለቁራሽ ነው እንጂ ለደነቆረ ጆሮ አይጠራም» አለው፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ።

ላእከ ማርያምም የገዛ ቃሉ ከነድምፁ ተመለሰለት። ወደ ሁለተኛው ጎጆ ሄደ፥ እንዲሁ ሆነ፤ ወደ ሦስተኛውም ሄደ፥ እንዲሁ ሆነ። ከጥምቀት ወዲህ የመጣ ገና አዲስ ተማሪ ነበርና፥ ይህስ ገና አልለመደም ብሎ ወደ እርሱ ቢጠጋ፥ አዲሱም መቋሚያ ስላልነበረው በቆመጥ መሬቱን መታና ፊቱን አዞረበት። ዜማው ገና ነው፤ ፊት ማዞሩን ግን አጥንቷል። ላእከ ማርያምም በመንገድ ዳር ተቀምጦ «ይህን መቼ አስተማርኋቸው» አለ፤ ወዲያውም አወቀው። ለዜማው ደክሞ፥ ገርፎ ያስተማረው ሲጠፋቸው አይቷል፤ ይህን ግን ሳይደክም አስተምሯቸው አንዱም አልረሳው። ከዚህ አስቀድሞ በሕዝብ ፊት ያፈረው እፍረት በዚህ እፍረት ፊት ኢምንት ሆነበት።

ከዚያም ወደ ምንጩ ወረደ፤ አያ ፈንቴ በመቃብር ቤት እያደረ ለደብሩ ውሃ ይቀዳ ነበርና በዚያ አገኘው። እርሱም አላወቀውም። ላእከ ማርያም ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ መሬት መሬት እያየ እንደ ሌሎቹ ለመነው። አያ ፈንቴም እንስራውን አስቀመጠና «አባቴ፥ ወደማያውቅ ሰው ነው የመጡት። እኔም ከመካከሏ ወዲያ ትጠፋኛለች። ያለችኝን ግን አብረን እንበላት» አለው። አብረውም አሏት፤ መካከሏ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። እንደገና አሏት፤ እንደገና ቆሙ። መምህርና ተማሪ በአንድ ጉድጓድ ወድቀው ተያዩ።

በዚያን ጊዜም ከምንጩ በላይ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ከቆሙባትም ቦታ አንሥታ እስከ ፍጻሜዋ አዜመችላቸው። ላእከ ማርያም በአንዴ ተቀበለ፤ የጠፋውም ሁሉ ተመለሰለት። አያ ፈንቴ ግን አልያዘውምና «በእንተ ስማ ለማርያም፥ ይድገሙልኝ» አለ፥ በማን ስም ማንን እንደሚለምን ሳያውቅ። እርሷም ደገመችለት። ሳተ፤ ደገመችለት። ደግሞም ሳተ፤ ደግሞም ደገመችለት። የሰማይና የምድር ንግሥት ናት፤ አልሰለቸችም፥ አልቸኮለችም፥ ድምፅዋም ከመጀመሪያው ይልቅ ኋለኛው የለሰለሰ ሆነ። አያ ፈንቴ ዜማዪቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባደረሳት ጊዜ ድምፁ ዝም አለ፤ ቢያዩም ማንም አልነበረም፥ ምንጩ ብቻ መልካም መዓዛ ይሸት ነበር።

ያን ጊዜ የአያ ፈንቴ ዐይን ተፈታና መምህሩን በደበሎ አየው፤ ደንግጦም ጉልበቱን ሊስም ቢወድቅ መምህሩ ቀድሞት ወድቆ ነበር። «ይቅር በለኝ፤ አንተን ሳሰድድ እርሷን ነው ያሰደድሁት» አለው። አያ ፈንቴም «ኧረ የኔታ፥ ውሃው ይፈስሳል» ብሎ እንስራውን እያቀና አለቀሰ።

በማግሥቱም ላእከ ማርያም በጉባኤው መካከል ቆሞ የሆነውን ሁሉ ለተማሪዎቹ ነገራቸው፤ አያ ፈንቴንም በቀኙ አስቀመጠው። ተማሪዎቹም አፈሩ፥ ቃለ ጽድቅም መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ነገር ግን የተማሩትን መርሳት እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ሌላው ላይ ፊቱን ሲያዞር ታየ። መምህሩም አልተቆጣም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ፊት የተዞረበትን ተማሪ እግር ሳመና «ይህ የእርሱ አይደለም፥ የእኔ ነው» አለ። በሆነ ቁጥር እንዲህ ያደርግ ነበር። ልጆቹም ከዱላ ይልቅ ይህን ፈሩ፤ እያደረም ፊት ማዞር ከወይራ አምባ ጠፋ።

ከወይራ አምባ ውጭስ? አስቀድመው ተመርቀው የወጡት በየአገሩ ወንበር ዘርግተው ነበርና፥ ላእከ ማርያም እነርሱን ባሰበ ጊዜ እንቅልፍ አጣ። ከዚያም ወንበሩን ለቃለ ጽድቅ ተወለትና፥ አያ ፈንቴን አስከትሎ፥ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ ፊት የተዞረባቸውን ሁሉ ይቅርታ ሲለምን አረጀ። በመጨረሻም ከዓባይ ማዶ፥ የተማሪው ተማሪ በሚያስተምርበት አገር፥ ከጉባኤ የተባረረ አንድ ዓይነ ስውር ጎልማሳ በአጥር ሥር ተቀምጦ አገኘና «ልጄ፥ እንደምን ዋልህ» አለው። ዓይነ ስውሩም ድምፁን በሰማ ጊዜ ክንዱን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነና ወደ አጥሩ ተሸጎጠ። ከዚያም «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፥ ድምፅዎ የመምህሬ መሰለኝ» አለ።

ላእከ ማርያምም «የእርሱ አይደለም ልጄ፤ ከእኔ የወሰደው ነው» አለው።

ከዚያም ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠና ሊማር የሚወድደውን ጠየቀው፤ ያንንም ዜማ በዚያ በሚያስፈራው ድምፅ፥ ቀስ አድርጎ፥ ይነግረው ጀመር። ሲስት ደገመለት፥ ሲረሳም ደገመለት፤ ዓይነ ስውሩ ክንዱን ከፊቱ እስኪያወርድ ድረስ ከዚያ አልተነሣም። ክንዱንም ባወረደ ጊዜ ሽማግሌው እመቤታችንን አመሰገነ፥ አያ ፈንቴም እልል አለ። ላእከ ማርያምም በዚያው አገር ብዙ ሳይቆይ በሰላም ዐረፈ፤ ዓይነ ስውሩም በመቃብሩ ላይ ዜማ መራ።

ደጋግማ የማትሰለች እመቤታችን በምልጃዋ ለእኛም ለቸኮልነው ትድረስልን። እናንት መምህራን፥ አፋችሁን የምታዩትን ያህል ፊታችሁን እንድታዩ ልብ ትስጣችሁ፤ እናንት ተማሪዎች፥ ፊት ከዞረባችሁ ቦታ በስሟ ትሰብስባችሁ። ሳናውቅ ያስተማርነውን ክፉ ከሰው ልብ ታጥፋልን፤ ያሳፈርነውንም ሳናገኘው አንሙት፤ ለዘለዓለሙ አሜን።