የሚያብለጨልጨው ኩሬ

ተረት ተረት በሉኝ፤ ኩሬው ሳይደርቅ ልንገራችሁ።

ዝናብ ዘግይቶ ኩሬው ጭቃ ሲሆን፣ ቀንድ አውጣ ጭቃው ውስጥ ገብታ የቤቷን በር በልጋጓ ትለጥፍ ጀመር።

ችኩሉ የውሃ ጥንዚዛ፣ «እሜቴ፣ እዚህ ተቀብረሽ ልትቀሪ ነው? እኔስ ሌላ ኩሬ ፍለጋ መብረሬ ነው» አላት።

«እኔ ክንፍ የለኝም፤ እጠብቃለሁ» ብላ ዘጋች።

ጥንዚዛ በረረ። ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ ውሃ መስሎት በጭንቅላቱ ተወረወረ። የቆርቆሮ ጣራ ነበር። በጀርባው ተንጋሎ፣ መገልበጥ አቅቶት፣ ፀሐይ ሲጠብሰው ዋለ። አመሻሽ ላይ ዶፍ ወረደ። ጎርፉ ጥንዚዛን ከጣራው አጥቦ፣ በቦይ እየነዳ እዚያው ኩሬ ውስጥ ጣለው።

ቀንድ አውጣ በሯን ከፍታ፣ «አያ ጥንዚዛ፣ ኩሬ አገኘህ?» አለችው።

ጥንዚዛ ጠጥቶ ሲጠግብ፣ «አገኘሁ፣ እሜቴ። ሲያዩት ያምራል፤ ግን አያስገባም» አላት።

ተረቴ አለቀ፤ ዝናቡ ግን ገና መጀመሩ ነው።