ከፕሮሰሰሩ ጎን ያሉት ትንንሾች

አንድ ሰው ነበረ፤ ኮምፒውተሩን ከሚስቱ ይበልጥ የሚያውቅ። አትሳቁ። ሚስቱን አይወድም አላልኳችሁም። ይወዳታል። የሚያውቀው ግን ኮምፒውተሩን ነው።

ሰውየው ምናሴ ይባላል፤ ሶዶ ከተማ የሰርግና የመዝሙር ቪዲዮ ያቀናብራል። ሚስቱ ወይንሸት መምህርት ናት፤ ሕፃናት ታስተምራለች። ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ደግሞ የምናሴ እናት ተኝተዋል። ከወደቁ ቆይተዋል፤ ያለ ሰው እርዳታ አይገላበጡም። ማን ያገላብጣቸዋል? ማን ያጥባቸዋል? አንሶላቸውን ማን ይቀይራል? ልጃቸው ምናሴ እንዳይመስላችሁ። እናንተም እንዳልሆነ ገብቷችኋል፤ የራሳችሁን ቤት ታውቁታላችሁ።

ወይንሸት ራሷን ያማታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ እንዲህ ከቀጠልሽ አንድ ቀን ይጥልሻል ብላ መድኃኒት ሰጥታታለች። ዕረፍትም አዝዛላታለች። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ይገዛል። ዕረፍቱ ከየት ይገዛል?

ይህን ያዙልኝና ወደ ኮምፒውተሩ ልውሰዳችሁ። በቤተ ክርስቲያን ስለ ኮምፒውተር ይወራል ወይ የምትሉ ታገሡኝ።

ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። ፋብሪካው በዚህ ፍጥነት ሥራ ብሎ ወስኖ ይልከዋል። ምናሴ ግን ሥራ በዝቶበታል፤ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረብበታል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ከተወሰነለት በላይ እንዲሮጥ አደረገው። ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ነገር ግን የሚሮጥ ነገር ይግላል። ምናሴ ይህን ያውቃልና አሮጌውን ማራገቢያ ነቅሎ በውኃ የሚያቀዘቅዝ ዘመናዊ ዕቃ ገጠመለት። ውኃው በቱቦ እየዞረ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሙቀቱን የሚናገር ቁጥር አለ። ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። ምናሴ እሱን እያየ ልቡ ይሞላል።

ያላየው ምንድን ነው? ከፕሮሰሰሩ ጎን፣ ማዘርቦርድ በሚባለው፣ ዕቃዎቹ ሁሉ በተሰኩበት ሰሌዳ ላይ፣ ትንንሽ ጥቋቁር ነገሮች ተደርድረዋል። ሥራቸው አንድ ነው። የመጣውን ኤሌክትሪክ ፕሮሰሰሩ በሚችለው ቮልቴጅ አድርገው ይመግቡታል። እሱ በሮጠ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ይሰጣሉ። በሰጡ ቁጥር ይግላሉ። ድሮ ያ አሮጌ ማራገቢያ በፕሮሰሰሩ ላይ ቁልቁል ሲነፍስ፣ ትርፍ ነፋሱ ወደ ጎን ሄዶ ለእነሱም ይደርስ ነበር። ማንም ለእነሱ ብሎ አልነፋላቸውም፤ ከእሱ የተረፈውን ነው ያገኙ የነበረው። ውኃው ሲመጣ ያችም ቀረች። ውኃ የሚያቅፈው ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ በሥራ መሃል ድንገት ዝግ ይል ጀመር። ይንቀራፈፍና ቆይቶ እንደገና ይሮጣል። ምናሴ ምን አደረገ? ፕሮሰሰሩ ኃይል አንሶታል ብሎ ቮልቴጅ ጨመረ። ልብ በሉ፤ በጋሉት ላይ ተጨማሪ ሸክም ጫነባቸው። ቁጥሩ ግን አሁንም ዝቅ ያለ ነው።

በዚያው ሰሞን ወይንሸትም በሥራ መሃል ትቆም ነበር። የበሩን መቃን ትይዝና ዓይኗን ትጨፍናለች። ምናሴ ምን ሆንሽ ይላታል። ራሴን ነው፣ አሁን ይተወኛል ትለዋለች። እውነትም ትንሽ ቆይታ ትንቀሳቀሳለች፤ እሱም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ጠያቂውስ? የታመመ ያለበት ቤት ጠያቂ እንደማይጠፋው ታውቃላችሁ፤ ጠያቂዎቹ እኛው ነን። ብርቱካንና ስኳር ይዘን እንገባለን። እናቱን እናያለን፤ ከንፈር እንመጥጣለን። ከዚያ ምናሴን መሃል አስቀምጠን እጃችንን ራሱ ላይ እንጭናለን። ጌታ ሆይ ይህን ልጅ አበርታው፣ እናቱን የሚያስታምምበት ጸጋ ስጠው እንላለን። እናቱን የሚያስታምምበት! ወይንሸት የት ናት? ለዚያ ሁሉ ሰው ሻይ እያፈላች ነው። አሜን የምትለው ከጓዳ ሆና ነው። ስንወጣ ደግሞ ብርጭቆ የሚታጠበው በማን እጅ ነው?

አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ሲወጡ ባሏ ፊት ቆመችና ለብዙ ጊዜ ያመቀችውን አወጣችው።

«ምናሴ፣ ሰዎቹ ሊጸልዩ ሲመጡ ልቤ ይዝላል» አለችው።

ምናሴ ደነገጠ። መልካም ሰው ነው፤ የጸሎት ሰው ነው፤ ስለዚህ የደነገጠው ስለ ነፍሷ ነው። ይህ የጠላት ሐሳብ ነው፣ ተቃወሚው አላት። ትከሻዋን ይዞ ጸለየላትም። ሲጨርስ አሜን አለችና የተጠራቀመውን ብርጭቆ ልታጥብ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አልወጣም።

ኮምፒውተሩ የሞተው የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ ሊያልቅ ሲል ነው። ድርግም አለ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ምናሴ ተሸክሞ ጓደኛው ዮናታን ዘንድ ወሰደው፤ ዮናታን የሚተዳደረው በኮምፒውተር ጥገና ነው። ከፍቶ አየና ቀልድ ብጤ ጣል አደረገበት፤ ንጉሡን በውኃ እያጠብክ ወጥ ቤቱን አነደድከው አለው። ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም፤ የነደዱት የሚመግቡት ናቸው።

«ቁጥሩ እኮ ዝቅ ያለ ነበር» አለ ምናሴ።

«የእሱ ቁጥር ነዋ። የእነሱን አይተህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። መታየት እንዳለበትም አያውቅም ነበር። ዮናታን መላውን አስተማረው። በአዲሱ ማዘርቦርድ ትንንሾቹ ላይ ሙቀት የሚስብ አሉሚኒየም ለጠፈላቸው። ለእነሱ ብቻ የምትነፍስ ትንሽ ማራገቢያ አቅጣጫዋን አስተካክሎ ገጠመ። ቮልቴጁን ቀነሰው፤ ከእንግዲህ የእነሱንም ሙቀት እንዲያይ ሌላ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አወጣለት። ምናሴ በጣም ገረመው። እነዚህ ትንንሾች ያን ሁሉ ጊዜ ሳይናገሩ ሲነዱ ኖሩ ብሎ ከልቡ አዘነላቸው።

እቤት ሲገባ ወይንሸት ግቢ ውስጥ የእናቱን አንሶላ ታጥባለች። አጠገቧ ቆሞ ነገሩን አንድ በአንድ ነገራት። ነፋስ ስላልደረሳቸው፣ ሲሰጡ ሲሰጡ ስለነደዱት፣ ማንም ቁጥራቸውን ስላላየላቸው። አንሶላውን እንደጨበጠች ሰማችው። ሲጨርስ ቀና ብላ አየችው።

«ማራገቢያ ገዛህላቸው?»

«ዛሬውኑ» አላት ደስ ብሎት።

«ደግ አደረግህ» አለችው። ጎንበስ ብላ ማጠቧን ቀጠለች።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ቢገባው ምን ነበረበት? ቃሉ እኮ በገዛ አፉ ውስጥ ነበር። ስለ ብረት የሚራራ ልብ ነበረው፤ ጆሮም ነበረው። አንሶላውን ተቀብሏት ተቀመጪ ቢላት ምን ነበረበት? ገባና አዲሷ ማራገቢያ ስትዞር ተመለከተ።

ወይንሸት በዚያው ሳምንት ወደቀች። ጎረቤት ነው ያገኛት፤ ልብስ ማስጫው ሥር፣ እርጥቡ አንሶላ ላይዋ ላይ ወድቆ። ደም ግፊቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም አፍስሷል አሉ ሐኪሞቹ። ቀኝ ጎኗ አይሠራም። አንደበቷ ተዘጋ።

ምናሴ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ያዘ። የያዘው የማይሰማትን እጅ ነበር፤ ነርሷ ነግራው ዞሮ ግራውን ያዘ። ገባኝ አላት። ወይንሸት፣ አሁን ገባኝ፣ ይቅር በይኝ አላት። ዓይኗ ክፍት ነው፤ የሚያየው ጣሪያውን ነው። ይቅር ትበለው አትበለው በምን ይወቅ? ሰምታው እንደሆነስ በምን ይወቅ? ደጋግሞ ነገራት። ድምፁን ከፍ አድርጎም ነገራት። በመጨረሻ ግንባሩን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እቤት እናቱ ወይንሸት ወዴት ሄደች እያሉ ይጣራሉ። ማን ያገላብጣቸው? የወይንሸት ታናሽ እህት ሰብለ ከአርባ ምንጭ ሥራዋን ትታ መጣች። ወይንሸት ከሆስፒታል ስትወጣ በአንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ሆኑ። ጠያቂውም ያንኑ ያህል በዛ።

ምናሴን መሃል አስቀመጥነው። እጃችንን ልንጭንበት ስንል ራሱን ቀና አደረገ።

«እኔን ተዉኝ» አለ። «ሰብለን እዩዋት።»

ሐዘን ነው ያናገረው ብለን አይዞህ ወንድም ምናሴ አልነው። እጃችንን ጠበቅ አድርገን ጫንንበት። ደጋግሞ ተናገረ፤ ጸሎቱ ግን ተጀምሮ ነበርና ድምፁ አልተሰማም። ሰብለ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ እየደረደረች ነበር።

አሁን ወይንሸት ድና ተነሣች እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተነሣችም። ዛሬም ተኝታለች፤ አንደበቷም አልተፈታም። ምስክርነት አድርጌ ላቀርብላችሁ የምችለው ነገር የለኝም።

እናንተስ? በቤታችሁ ስክሪን ላይ የማን ቁጥር ነው የሚታየው? አባት ደከመው ሲባል ቤቱ ጸጥ ይላል። አገልጋዩ ዛለ ሲባል ጉባኤው ይጾምለታል። ለምትመግበውስ ማን ዝም አለላት? ማን ጾመላት? ጠንካራ ናት እያላችሁ ታመሰግኗታላችሁ። ምስጋናችሁም ቮልቴጅ ነው፤ ይጨምርባታል እንጂ አያቀዘቅዛትም። ወንድም አለ እንዲሁ የሚነድ፤ እህት አለች፤ የቤት ሠራተኛ አለች፣ ሙሉ ስሟን የማታውቁት። ከእናንተ የተረፈ ነፋስ ይበቃቸዋል ብላችኋል። እሱም እንደቀረ አላያችሁም።

ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው፤ አያችኋለሁ። መነቅነቅ ምናሴም ነቅንቋል፣ ዮናታን ሲያስተምረው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ተስፋ የለኝም። ስትወጡ ጥሩ ስብከት ነበር ትላላችሁ። ከዚያ ቤታችሁ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ምሳውም ይቀርብላችኋል።

ስለዚህ ዛሬ ለጸሎት ወደ ፊት ኑ አልልም። በማንም ራስ ላይ እጄን አልጭንም። ግራና ቀኛችሁን እዩ፤ በየመካከላችሁ ባዶ ወንበር አለ። ለእናንተ ምሳ ስትል ከጉባኤው የቀረች ሰው ቦታ ነው። ተነሡና ሂዱ። ስትደርሱ አትቀመጡ።