ሁሉም የመከረበት የኋላ መስኮት

አንድ ሰው ነበር፤ ምክር የማይጠግብ፣ ሰው ማስቀየም ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራ። ስሙ ወንድይፍራው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በሹፌርነት ይተዳደር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ አንድ ልጁን ሐመልማልን ያሳደገው ብቻውን ነው።

ይህ ሰው አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችው። ክዳኗ የሸራ ነው፤ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሐመልማል ትንሽ ልጅ ሳለች ክዳኑን አጥፎ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። ቃል የገባላትም ያኔ ነው። «ስትዳሪ በዚህችው መኪና እኔው ራሴ ነድቼ ነው የማደርስሽ» አላት። እሷም አልረሳችውም፣ እሱም አልረሳውም።

ዓመታት አለፉና ሐመልማል ለአንድ የደሴ ልጅ ታጨች። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ። ወንድይፍራው በጾሙ አጋማሽ መኪናዋን ከቆመችበት አውጥቶ አጠባት፣ ዘይቷን ቀየረ፣ ባትሪዋን ሞላ። ሁሉ ነገሯ ደኅና ነበር፤ የኋላ መስኮቷ ብቻ አልሆነም። መስኮቱ መስታወት አይደለም። ከሸራው ጋር አብሮ እንዲታጠፍ ተብሎ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ወፍራም ላስቲክ ነው። ድሮ ወለል አድርጎ ያሳይ ነበር። አሁን ግን ፀሐይ አንድዶት ቢጫ ሆኗል፣ በታጠፈበት በኩል ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ይሁን በሬ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንም። ዝናብ ከመጣ ክዳኑ ይዘጋል፤ ክዳኑ ከተዘጋ ደግሞ በዚያ መስኮት ወደ ኋላ እያዩ የደሴን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት አይሞከርም። መስኮቱ መሠራት አለበት፤ በዚያ ላይ በርካሽ መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም የሰውዬው አቅም በድግሱ አልቋል። ወንድይፍራው ይህን ሁሉ በደንብ አሰበበት። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እኔን እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ።

መጀመሪያ ጎረቤቱን መምህር አስናቀን ጠየቀ። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማያነቡት ነገር የለም። «የጥርስ ሳሙና ቀባውና በለስላሳ ጨርቅ እሸው። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው» አሉት። ወንድይፍራው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሽ ዋለ። እውነትም ቢጫው ትንሽ ሳሳ። ስንጥቁ ባይጠፋም ከኋላ የሚመጣው ነገር መኪና መሆኑ ይታይ ጀመር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሟች ሚስቱ ወንድም አበጋዝ መጣ። አበጋዝ ጋራዥ አለው፤ ድምፁም ትልቅ ነው።

«ምን ቀብተኸው ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«የጥርስ ሳሙና ነው።»

«መስኮት ጥርስ ያወጣው መቼ ነው?» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ ላስቲክ ተቆርጦ ይጣል። መስታወት እገጥምልሃለሁ፤ ሳንቲም አልቀበልህም። የእህቴ ልጅ ሰርግ አይደል እንዴ?»

ወንድይፍራው «ቆይ እስቲ» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ታወሰው፤ እንቢ ቢል የሚስቱ ዘመዶች «እህታችን ከሞተች ወዲህ ናቀን» ሊሉት ይችላሉ። አፉን መልሶ ዘጋና «እሺ» አለ። አበጋዝ በምላጭ ላስቲኩን ዙሪያውን ቆርጦ አወጣውና ከአንዲት አሮጌ መኪና የተረፈ መስታወት ገጠመበት። ሲያዩት ያምራል። በማግሥቱ ወንድይፍራው ክዳኑን ሊሞክር ወደ ኋላ ሲያጥፈው መስታወቱ ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ማን እጠፈው አለህ?» ሲል አበጋዝ ተቆጣ።

«የሚታጠፍ ክዳን ነዋ።»

«የሚታጠፍ ከሆነማ መስታወት አይሆነውም» አለ አበጋዝ፣ መስታወቱን የገጠመው ሌላ ሰው ይመስል። ስብርባሪውን ለቅሞ ሄደ። ከክዳኑ በስተኋላ የቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳውን ያየችው ደግሞ የወንድይፍራው የአክስት ልጅ ወይዘሮ እታፈራሁ ናት፤ ከዱባይ ልብስና ዕቃ የምታስመጣ ነጋዴ። «ከእንግዲህ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት» አለችው። «ሙሉ ክዳኑን ከነመስኮቱ አዲስ አስመጣልሃለሁ። ለሐመልማል የሰርግ ስጦታዬ ይሁን።» ስጦታ እንዴት እንቢ ይባላል? ወንድይፍራው አመስግኖ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ጀመረ። አንድ ሳምንት አለፈ። ክዳኑ «መንገድ ላይ ነው» ተባለ። ሌላ ሳምንት አለፈ። አሁንም መንገድ ላይ ነው።

በዚህ መሐል መምህር አስናቀ ላስቲኩ ተቆርጦ መጣሉን ሰምተው ፊታቸውን አጠቆሩበት። «ሳሙናውን እኮ ሳትጨርሰው ነው ያስቆረጥከው» አሉት። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ። ለምን እንደጠየቀ ግን ለራሱም አልገባውም። መምህሩ ሲናገሩ ትክክል ናቸው፤ ላስቲኩ በእርግጥ እየጠራ ነበር። አበጋዝ ሲናገር እሱም ትክክል ነው፤ መስታወት በእርግጥ ከላስቲክ ይበልጣል። እታፈራሁም ትክክል ናት፤ ከአዲስ ክዳን የሚሻል ምን አለ? ሁሉም ትክክል ሆነው ሳለ መኪናዋ ጀርባዋ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ሰውዬውን አዞረው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና በቀዳዳው የግቢውን አጥር ሲያይ ይቆያል።

ሊያብድ ምንም ያልቀረው አንድ ቀን፣ የሰርጉ ሳምንት ረቡዕ ነው፣ በገበያው መንገድ ሲያልፍ ዓይኑ አንድ ሰው ላይ አረፈ። ኑርዬ የሚባል የባጃጅ ሸራ ሰፊ ነው። ባጃጅ ሁሉ ከኋላዋ የላስቲክ መስኮት እንዳላት ታውቃላችሁ፤ በዚያ ከተማ ያንን መስኮት ቀዶ የሚተካው ኑርዬ ነው። ወንድይፍራው በዚያ መንገድ ሺህ ጊዜ ተመላልሷል። መኪናዋን አቆመና ጠራው።

ኑርዬ ቀዳዳውን በስንዝር ለካ። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አለ። «ወፍራሙን ላስቲክ መርጬ እሰፋልዎታለሁ። አጥፈው ይዘርጉት፣ ምንም አይሆንም። ዋጋውም ለባጃጆቹ ከማስከፍለው ብዙ አይርቅም። አሁኑኑ ብጀምር ምሳ ሳይደርስ ይዘዋት ይሄዳሉ። አብሽሩ ጋሼ።»

የወንድይፍራው ልብ በደስታ ዘለለ። ግን ወዲያው እነዚያ ሦስት ሰዎች በየተራ ታዩት።

«ተማክሬ ልምጣ» አለ።

«ከማን ጋር?»

«ከሰዎች ጋር።»

ኑርዬ መቀሱን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየው። «መኪናዋ የሰዎቹ ናት?»

ወንድይፍራው አመሰገነና ሄዶ ተማከረ። መምህሩ «እንግዲህ የኔን ምክር ከጣልክ ወዲያ የፈለግከውን አድርግ» አሉት፤ ያም ማለት እንዳታደርገው ማለት ነው። አበጋዝ «በሰርግ መኪና ላይ የባጃጅ ላስቲክ? ደሴዎች እስከ ልጅ ልጃችን ሲስቁብን ይኖራሉ» አለ። እታፈራሁ በስልክ ልታለቅስ ደረሰች። «ዕቃው እየመጣ እኮ ነው፤ በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገኝ ነው?» አለችው። ወንድይፍራው ወደ ኑርዬ ተመልሶ አልሄደም። በማግሥቱ ሲያልፍ እንዳያየው በሌላ መንገድ ዞረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክዳኑ በሚቀጥለው ወር እንደሚመጣ ተሰማ። አበጋዝ ከደንበኞቹ አንዱን ለምኖ ጥቁር መኪና ከነሹፌሩ አመጣ። ማንም አልተጣላም፤ ሁሉም የየበኩሉን አድርጓልና።

እሑድ ሐመልማል በሙሽራ ልብሷ ከቤት ስትወጣ በመጀመሪያ ያየችው ነጯን መኪና ነው፤ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከዚያ አባቷን አየች።

«ልጄ፣ መስኮቱ ሳይደርስ ቀረ» አላት።

«ምንም አይደል አባዬ» አለችና ጥቁሩ መኪና ውስጥ ገባች። ወንድይፍራው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን መሪ ይዞ የኖረ ሰው፣ በልጁ ሰርግ ዕለት ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደሴ ገባ። የዚያን ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ጠብታ አልጣለችም።

ሰኞ ማለዳ ወንድይፍራው ማንንም ሳያማክር መኪናዋ የለበሰችውን መሸፈኛ ሸራ ገፎ በቀጥታ ወደ ኑርዬ ነዳ። ኑርዬ ለካ፣ ቆረጠ፣ ሰፋ። ሲጨርስ ወንድይፍራው ሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ በኋላ ማሳያው መስታወት ወደ ኋላ ተመለከተ። መንገዱ፣ ባጃጆቹ፣ ማዶ የቆመች ሴት የያዘችው ዘምቢል ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየው። የከፈለው ገንዘብ ለሦስት ሰዎች ምሳ የሚበቃ አልነበረም። እዚያው መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ያን ቀን የመልሱ ድግስ በሙሽሪት ቤት፣ ኮምቦልቻ ነበር። ወጉ ሙሽሮቹ በራሳቸው እንዲመጡ ነው፤ ወንድይፍራው ግን ላመጣቸው ብሎ ደሴ ወጣ። ሐመልማል መኪናዋን ስታይ ፊቷ በራ። ባሏ የረሳውን ዕቃ ሊያመጣ ወደ ቤት ሲመለስ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። መስኮቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

«መቼ ተሠራ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ብዙ ፈጀ?»

ሊዋሽ ዳዳው፤ አንደበቱ ግን አልታዘዘውም። «ሰዓት አልሞላም» አለ።

ሐመልማል እጇን ከመስኮቱ ላይ አነሳች። አባትየው መምህሩ ያሉትን፣ አበጋዝ ያለውን፣ እታፈራሁ ያለችውን በየተራ ያስረዳት ጀመር። መሐል ላይ አቋረጠችው።

«አባዬ፣ ክዳኑን አጥፈነው ብንሄድ መስኮቱም አብሮ ይታጠፍ የለም እንዴ? ምን ያደርግልን ነበር?»

«ዝናብ ቢመጣስ ብዬ ነዋ። በሙሽራ ልብስሽ…»

«ቢመጣ እንበሰብሳለን። ምን አለበት? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቅ የኖርኩት አንተ ነድተህ እንድታደርሰኝ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «ኮምቦልቻ ውስጥ ያልጠየቅከው ሰው የለም። እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ።»

ወንድይፍራው ባሏ ሲመጣ ክዳኑን አጠፈ፤ አዲሱም መስኮት ሳይሰነጠቅ አብሮ ታጠፈ። ሦስቱም ነፋስ እየመታቸው ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ልጁ ደስ ብሏት ነበር፣ እሱም ደስ ብሎት ነበር። እሑድ ግን አልፏል፤ ማንም ሰፊ መልሶ የሚሰፋው አይደለም።

ይህን ታሪክ ሰምተው «ሰው አትስማ ማለት ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። የመከሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሁሉም ሐመልማልን ይወዷታል። የኑርዬ ምክርም ምክር ነው። ወንድይፍራው የተሳሳተው ብዙ ሰው በመጠየቁ አይደለም። ማንን እንዳያስቀይም ሲጨነቅ ማንን ሊያስደስት እንደተነሣ ረሳ። የፈራቸውን ሁሉ ጠየቀ፤ ነገሩ የሚደረግላትን አንዲቷን ሳይጠይቅ ቀረ። እሷን ቀድሞ ቢጠይቃት መስኮቱ ቀርቶ ቀዳዳውም ችግር ባልሆነ ነበር። ግራ የተጋባ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ ያጣ ሰው አይደለም፤ መልሱ ከሌለበት ቤት ደጋግሞ የሚያንኳኳ ሰው ነው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ አሁን እያሰባችሁ እንቅልፍ ያጣችሁበትን ነገር ለስንት ሰው አማከራችሁ? ከእነሱ መካከል ያ ነገር የሚደረግለት ሰው አለበት? ከሌለበት ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ምናልባት እዚያው ቤት ውስጥ ይሆናል።