«አሮጌ ናቸው» የተባሉት ስፒከሮች

አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበር። የዚህን ሰው ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ዝም ቢባል ግን ሌላውም ይደግመዋልና ልናገር። ሰውየው ዓይኑ አያመልጠውም። ሰዓትም ይሁን ቁም ሳጥን፣ አንዴ ገልበጥ አድርጎ አይቶ የት አገር እንደተሠራ፣ ስንት ዘመን እንደቆየ፣ ማን ቢያገኘው ምን ያህል እንደሚከፍልበት ያውቃል። እግዚአብሔር ይህን ያህል ሰጥቶት ነበር። ክፋቱ፣ እውነቱን የሚያስቀረው ለራሱ ነው። ለባለ ዕቃው የሚነግረው ሌላ ነው።

በዚያው ከተማ አስካለ የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ባሏ ደጀኔ በሕይወት ሳለ ካሴት ቤት ነበረው። ሲሞት ከሱቁ የተረፏት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ብቻ ናቸው። አንዱን ብቻ ለማንሳት ሁለት ሰው ይጠይቃል። ደጀኔ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ ፈረንጅ ነበር የገዛቸው፤ ላያቸው ላይ ብርጭቆ እንኳ አያስቀምጥም ነበር።

ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ነፋስ የአስካለን ጣራ ግማሹን ገለጠው። ቆርቆሮው ዝጎ ስላለቀ ምስማር አይዝም፣ መልሶ መምታት የማይታሰብ ነው። ከስፒከሮቹ በቀር የሚሸጥ ነገር የላትም። ስለዚህ ነጋዴውን አስጠራችው።

«ጌታዬ፣ እኔ የዚህን ነገር ሙያ አላውቅም» አለችው። «እርስዎ አዋቂ ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ። ምንድን ናቸው? ስንትስ ያወጣሉ? እንደ እህትዎ ይንገሩኝ።»

ነጋዴው ተንበረከከ። የፊታቸውን ጨርቅ ዳሰሰ፣ እንጨቱን በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረና እዚያ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት በመሐረቡ ጠርጎ ቁጥሯን አነበበ። የአንደኛው ቁጥር በስድስት ያልቃል፣ የሌላኛው በሰባት። ተከታትለው ከአንድ ፋብሪካ የወጡ መንትዮች ናቸው። ውስጣቸውን ማንም አልነካካውም። እንዲህ ያለ ጥንድ ለዓመታት ሲያፈላልግ የኖረ አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ መኖሩን ነጋዴው ያውቃል። ልቡ ዘለለ።

ፊቱን ግን አጨፈገገ። «እህቴ፣ ላሳዝንሽ አልፈልግም። ይሄ ቆሻሻ ነው። ጨርቁ ነትቧል፣ እንጨቱ ጠቁሯል፣ ውስጡ ያለው ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት ደርቋል። ዛሬ አሮጌ ማን ይወዳል? ሰው የሚፈልገው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። እንዲያው ለጣውላው ብዬ ሦስት ሺህ ብር ልስጥሽ።»

በዚያ ብር የሚገዛው ቆርቆሮ ለዶሮ ቤት እንኳ አይበቃም። አስካለ ደነገጠች። «ባሌ እኮ በጣም ይሳሳላቸው ነበር» አለች።

«ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፈረንጁ አሞኝቶታል» አለና ተነሳ። «አስቢበት። በሳምንቱ እመለሳለሁ።»

የእነዚህ ሰዎች ዘዴ ይኸው ነው። መጀመሪያ ያጣጥላሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ባለ ዕቃው ሲጨንቀው ችግሩ ራሱ ደላላ ይሆንላቸዋል።

አስካለን ግን እልህ ያዛት። ድህነቷን ለምዳዋለች፤ የሞተ ባሏ ሞኝ መባሉ ግን አንገበገባት። «አሮጌ ከሆነ ይታደሳላ!» አለች። «ሲመለስ አፉን ነው የማስይዘው!» ለጣራው ማገርና ምስማር ብላ የቋጠረችውን ገንዘብ ፈታችና አናጺ ጠራች። አናጺው ጥቁሩን እንጨት በመላጊያ ላገው፣ ነጭ የሚያብረቀርቅ ቀለም ቀባው፣ ለቀለሙ እንዳታስቸግር ብሎ ከኋላ ያለችውን ብረት ነቅሎ ጣላት። የሰፈሩ ቴፕ ጠጋኝ ደግሞ የደረቀውን ወረቀት ከነከባድ ማግኔቱ አውጥቶ በምትኩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት አዲስ ነገር ገጠመበት። የወጣውን ሁሉ ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰደው።

አስካለ ቂል አልነበረችም። ያደረገችው አዋቂው በነገራት መሠረት ነው፣ አንድም ሳታጓድል።

በሳምንቱ ነጋዴው ሰብሳቢውን በመኪና ይዞ መጣ። ከአስካለ በሦስት ሺህ ገዝቶ እዚያው በር ላይ ሊሸጥለት ነው። ሰውየውን መኪና ውስጥ ትቶ ብቻውን ገባ።

አስካለ በኩራት መጋረጃውን ገለጠችለት።

«ገደልሽኝ!» ብሎ ጮኸ። «ምን አባሽ ሆነሽ ነው የነካካሻቸው? ውስጡስ? ውስጡ የት ሄደ?»

«ለቆራሌው ሰጠሁት።»

«አንቺ ደንቆሮ! አጠፋሽኝ!» ነጋዴው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን ሆኑ ጌታዬ? አሮጌ ናቸው፣ ሰው የሚፈልገው አዲስ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጩኸቱን የሰማው ሰብሳቢ ከመኪናው ወርዶ ገባ። ዝግተኛ ሰው ነው። ቁጢጥ ብሎ ገና በወጉ ያልደረቀውን ቀለም ነካ፣ ጣቱን አየና ወደ አስካለ ዞረ። «እናቴ፣ ምን ብሎ ነበር የነገረዎት?» አላት። ነጋዴው «ተወው፣ እንሂድ» ቢለውም አልተነቃነቀም። አስካለ አንድ በአንድ ነገረችው።

ሰብሳቢው ቀለም የነካ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። «እነዚህን ስፈልግ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለ። «ለእነሱ ልከፍል የመጣሁት ይህን ቤት አፍርሶ በብሎኬት የሚያሠራ ገንዘብ ነበር። ዋጋቸው በማርጀታቸውና ሳይነኩ በመቆየታቸው ነበር። አሁን ቀለም የተቀቡ ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አስካለ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ግን ሰውነቷ ከእግሯ ጀምሮ ነደደ። ነጋዴው እንዳፈረ ሰው እንኳ አንገቱን አልደፋም። ጭራሽ ጣቱን ቀሰረባት።

«ሳትጠይቂኝ ለምን ነካሽ? አንዲት ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ጠይቄሃለሁ!» አለች አስካለ። «እርስዎ» ማለቷ እዚህ ላይ አበቃ። «እዚሁ ቆሜ፣ እንደ እህትህ ንገረኝ ብዬ ጠይቄሃለሁ! ተንበርክከህ አይተህ፣ ቁጥሩን አንብበህ፣ አውቀህ ነው ቆሻሻ ያልከኝ። ያበላሸው እጄ ነው፤ እጄን የመራው ግን ያንተ አፍ ነው። ደግሞ ባሌን ሞኝ አልከው! እሱ ያወቀውን አንተም እኩል ታውቅ ነበር። ውጣ ከቤቴ!»

ወጣ። ከዚያ ሳያርፍ የቁርጥራጭ ብረት መሸጫውን እያሰሰ ዋለ። ማግኔቶቹን ሲያገኛቸው ለመዳቡ ሲባል ተፈልቅቀው አልቀዋል። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። ሰብሳቢውም ከዚያ ወዲህ የነጋዴውን በር አልረገጠም።

እሱ ያገኘው ቅጣት ይኸው ነው፣ ትርፉን ማጣት። አስካለ ግን ያን ክረምት ጣራዋ ላይ ላስቲክ ወጥራ፣ ከወለሏ ውሃ ስትቀዳ ከረመች። አምናው የጠየቀችው ሰው ካደረሰባት በላይ፣ ጎረቤቶቿ «ምነው ባትነካው ኖሮ፣ ሞኝ ናት» ማለታቸው አበገናት። እኔንም ያበግነኛል።

የማያውቅ ሰው ካዋቂ ዓይን ይዋሳል። አበዳሪው የታወረ ዓይን አውሶት ሲያበቃ፣ ተበዳሪው ገደል ሲገባ «ምነው ባይራመድ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሌባ ከቤት ያለውን ይሰርቃል፤ እያወቀ የሚዋሽ ባለሙያ ግን ያመነው ሰው በገዛ እጁ ቤቱን እንዲያፈርስ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፍርስራሹ ለራሱም አንዳች አይተርፈውም።

መካኒክም ሁን ሐኪም፣ ግንበኛም ሁን ጠበቃ፣ «እኔ አላውቅም፣ አንተ ንገረኝ» ብሎ የጠየቀህ ሰው አለ። ምን ብለህ መለስክለት? እስኪ ዛሬውኑ ሂድና በመልስህ ምን እንደሠራበት እይ።