መሪ ይዞ የሚሳለመው ነጋዴ

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የባጃጅ ሾፌር ከሰንበት ትምህርት በኋላ ጠብቆ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም የማይገባ መልስ ሰጠሁት። እናቱ ታማ ነበር። ስልኩ ሲጮህ እየነዳ ዐይኑን ወደ ስልኩ ጣል አደረገ፤ ቀና ሲል አንድ ብስክሌተኛ ከጎኑ ወድቋል። ሰውየው ተነሥቶ ሲያነክስ በመስታወት አየውና መንገዱን ቀጠለ።

«እትዬ፣ ክፉ አላሰብሁም። የእናቴ ስልክ ነው። ብስክሌቱን አላየሁትም። ያላዩት ነገር ኃጢአት ይሆናል እንዴ?» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ውዬ ደክሞኝ ነበር። ወደ ቤቴ መሄድ ፈልጌ «እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ አትጨነቅ» አልሁት። ፊቱ ፈካ፤ አመስግኖኝ ሄደ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ የነበረው ምሳሌ ይህ ነው።

አንድ ሰው ነበረ፤ የእህል ነጋዴ። የሚኖርባት ከተማ ሜዳ ስለሆነች ሰዉ ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ልጁን ከኋላው ያስቀመጠ አባት። ነጋዴው ግን ፒክአፕ መኪና ነበረው። ጾም የማይሽር፣ ነዳያንን የማይረሳ ደግ ሰው ነበር፤ ይህን የምናገረው ለማሽሟጠጥ አይደለም።

ከቤቱ ወደ ገበያ ሲወርድ መንገዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልፋል። ደጁ በስተቀኝ ነው። እዚያ ሲደርስ ቀኝ እጁን ከመሪው ያነሣል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ፊቱን ወደ ደጁ መልሶ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ይላል፤ ከዚያም ያማትባል። መኪናው ግን አይቆምም። በስመ አብ ብሎ ጀምሮ አሜን እስኪል ድረስ ስንት እርምጃ ያለ ዐይን እንደሚሄድ አስቦት አያውቅም። ለመውረድ ጊዜ የለውም፤ ሳይሳለም ለማለፍ ደግሞ ይፈራል፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋቸው ነበር። ሰዉም «ጋሽ ይርሳው ገበያው ቢቃጠል እንኳ ታቦት ሳይሳለም አያልፍም» እያለ ያመሰግነዋል። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር።

በዚያው መንገድ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት የሚወርድ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። አንድ ቀን ለነጋዴው ኮት ሲለካ፣ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲሳለሙ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ» አለው።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?»

«መኪናዎም አብራ ትሳለማለቻ! ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወደ ዳር፣ ወደ እኔ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ቦይ ውስጥ ነው የገባሁት።»

ነጋዴው ከልቡ ሳቀ። «እሷም ክርስትና ተነሣች በለኛ! አንተ ከብስክሌትህ ሳትወርድ እያለፍህ እንዳይሆን፤ መልአኩ ነው የሚያባርርህ።»

«እኔማ እወርዳለሁ። እግሬ መሬት ሳይነካ ተሳልሜ አላውቅም።»

«በል በል፣ ወሬውን ተውና እጅጌውን አታሳጥርብኝ።»

ልብስ ሰፊውም ሳቀ፤ ሊደግምለት አልደፈረም። ነጋዴውም ደጁን ሳይወጣ ነገሩን ረሳው።

ጥቂት ሰንብቶ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጋዴው እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። በሦስተኛው ላይ ብረት ሲጨፈለቅ ሰማ። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ልብስ ሰፊው መሬት ላይ ነበር። ከብስክሌቱ ወርዶ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ እሱም ሲሳለም ነበር። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ነጋዴው አልሸሸም። ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ማታ ማታ እየሄደም ጠየቀው። ነገር ግን ለጠየቀው ሁሉ «አላየሁትም፤ ስሳለም ነበር» ይላል። ይህን ቃል ደጋግሞ በተናገረ ቁጥር ልቡን ቀለል ይለዋል። ጀሶው ሲፈታ የልብስ ሰፊው እግር አጥሮ ቀረ። የልብስ ስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው፤ በዚያ እግር መርገጥ አልቻለም።

ነጋዴው ሽማግሌዎች ላከ። በሞተር የሚሠራ አዲስ የስፌት መኪና ሊገዛለት፣ ቤተሰቡንም እስኪያገግም ሊቀልብ ተስማማ። በዕርቁ ቀን ነጠላውን አደግድጎ በልብስ ሰፊው ቤት በራፍ ላይ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ተነሥተው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩና፣

«ልጄ ምንይችል፣ ሰውየው ሆነ ብሎ አይደለም። አንተን አላየህም። ያውም ሲሳለም ነው፤ በመካከላችሁ ታቦት አለ» አሉ።

የልብስ ሰፊው ሚስት ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። «ታቦቱ ነው እንዴ መሪ የያዘው?» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ሽማግሌ ሲናገር…» አሉ ሽማግሌው።

«ይተዋት አባባ» አለ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረ። «ጋሼ፣ የስፌት መኪናውን እቀበላለሁ፤ ልጆች አሉኝ። ይቅር የምልዎ ግን በሱ አይደለም። አንድ ነገር ይማሉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ መኪና እየነዱ ላይሳለሙ ይማሉልኝ።»

ነጋዴው ሌላ ነገር ሁሉ ይጠብቅ ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቀም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልሳለም አልፌ አላውቅም» አለ። «ሰውስ ምን ይለኛል? ታቦቱን እንዴት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ?»

«መሳለም ሲፈልጉ ያቁሙና ይውረዱ። ካልሆነም ዝም ብለው ይለፉ፤ ታቦቱ እርስዎን ያውቅዎታል። እርስዎ ያላወቁት እኔን ነው።»

ነጋዴው ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። እነሱ ወደ መሬት ያያሉ። ለይስሙላ እሺ ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ማን ይከተለዋል? የልብስ ሰፊው እግር ግን በርጩማ ላይ ተዘርግቶ ፊት ለፊቱ ነበር። ከዚያ በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ፤ ልብስ ሰፊውም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ፤ እኔም ብያለሁ» አለው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ደጁ ቀረበ። ቀኝ እጁ በልማድ ሊነሣ ሲል መሪውን ጠበቅ አደረገው። ደጁ ላይ የተቀመጡት ጧፍ ሻጮች አዩት። «ጋሽ ይርሳው ዛሬ ምን ነካቸው?» አለች አንዷ። «ሰው ሰብረው አፍረው ይሆናላ!» አለች ሌላዋ፤ ተሳሳቁ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማ። ፊቱ እንደ እሳት ነደደ፤ ዐይኑን ግን ከመንገዱ አላነሣም።

ያን ጊዜ አየ። በመንገዱ ዳር ሰባት ስምንት ብስክሌተኞች ነበሩ። የሱን መኪና ከሩቅ ሲለዩ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ብስክሌታቸውን ወደ ቦዩ አስጠግተው ቆሙ። አንድ አባት ከኋላው ያስቀመጣትን ልጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ ያዛት። ፊታቸው ወደ ደጁ አልነበረም። ሁሉም የሚያዩት የመኪናውን አፍንጫ ነበር። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ ይህ መኪና ሲመጣ እንዲህ ማድረግን ተለማምደውታል። እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ በመካከላቸው አልፏል፤ ፈርተው ሲቆሙለት አንድ ቀን እንኳ አላያቸውም።

እጅግ ቀስ ብሎ አለፋቸው። ከደጁ አልፎ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ወርዶ ሊሳለም አስቦ ነበር፤ ግን አልወረደም። ረጅም መንገድ በእግሩ እንደ መጣ ሰው ደክሞት መሪው ላይ እጁን ጭኖ ተቀመጠ። «አላየሁትም» የሚለው ቃል ወደ አፉ መጣ፤ አሁን ግን ልቡን ቀለል አላለውም።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ሲኖረው አቁሞ ወርዶ ይሳለማል፤ ጊዜ ሲያጣ እያየ ያልፋል። አንዳንድ ሰው ሃይማኖቱ ቀዝቅዟል ይለዋል።

አንተ የጠየቅኸኝ ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም፤ ይህን ብታነብ ራስህን ታውቃለህ። ነጋዴው አንተ ነህ። የእናትህ ስልክ እንደሱ ስግደት መልካም ነገር ነበር። ማንም ክፉ ነው አይልህም። ነገር ግን ሦስት እግር ያላትን ያችን ብረት ስታስነሣ ዐይንህን በዳር ለሚሄደው ሰው አበድረኸዋል፤ ለእናትህም ቢሆን መልሰህ ልትወስድበት አይገባህም። ስልኩ ሲጮህ ዳር ይዘህ ማቆም ነበረብህ። እናትህ ያን ያህል ትጠብቅህ ነበር። አላየሁትም ስትል እውነትህን ነው፤ አላየኸውም። ጥፋቱም ይኸው ነው። ብስክሌተኛው ብረት የለው፣ በር የለው፤ የሚጠብቀው የአንተ ዐይን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ልብን ያያል ማለቴ ልክ ነበር፤ ያ ሰው ግን ልብህን አያይም፤ የሚያየው ወደ እሱ የሚመጣውን ባጃጅ ነው። አሁንም አልመሸም፤ ሰፈሩን ታውቀዋለህ። ሂድና ማን እንደሆነ ጠይቅ፤ እግሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቅ።

ሌላው አንባቢዬ፣ ይህን ሁሉ ያን ዕለት መናገር ሲገባኝ፣ ደክሞኝ ስለነበር ብቻ ሰውየውን በቀላል ቃል አሰናበትሁት፤ የወደቀውንም ሰው ጠያቂ አሳጣሁት። ይቅር በሉኝ።