ንፋስ የማይገባበት ቤት

አባባል ሁሉ ከሽማግሌ አፍ የወጣ ይመስለናል። ከሻይ ቤት የሚወጣም አለ። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች፣ ሰው ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ በገዛ ጥንቃቄው ጉድጓድ ሲገባ ባዩ ቁጥር የሚወረውሯት አንዲት አባባል ነበረቻቸው። ሰምቶ የሚስቅባት ብዙ ነው፤ በማን ምክንያት እንደተባለች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የተባለችው በመንዙ በአቶ አውላቸው ምክንያት ነው።

የመንዝ ንፋስ እንግዳ አይደለም፣ ቤተኛ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ገብቶም ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። አቶ አውላቸው ይህን ንፋስ በባናቸው ተጠቅልለው ለምደውት ኖረዋል። የባለቤታቸው የወይዘሮ በለጥሻቸው ጉልበት ግን አልለምድ አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ቁርጥማቱ እየጠናባቸው ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ጠበል ቢወሰዱ ጠበሉም ቀዝቃዛ ሆኖ ባሰባቸው። አቶ አውላቸው ሚስታቸውን ይወዱ ነበር። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለራሳቸው ለወይዘሮ በለጥሻቸውም ቢሆን።

ከኮምቦልቻ አሰብ ጭነት የሚያመላልሰው የወንድማቸው ልጅ ክንፈ አንድ ቀን ለጥየቃ መጥቶ፣ «አሰብ እኮ ብርድ የሚባል ነገር የለም። ቁርጥማት ያለበት ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይዘላል» አላቸው። በዚህ ወሬ በሬውም ባሕር ዛፉም ተሸጠ። ለመመለስ የሚያስመኝ ነገር አልተረፈም።

«ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው ሲሸኟቸው። «ንፋስ የማይገባበት ቤት ብቻ ይፈልጉልኝ። አገሩ ካልተስማማኝ ግን ወንድሜ ቤት እገባለሁ፤ አንቱም ከባሕርዎ ጋር ይኑሩ።»

አቶ አውላቸው አሰብ የደረሱት በታኅሣሥ ነው። አሰብ በታኅሣሥ ሙሽራ ናት፤ አመሏን ደብቃ እንግዳ ትቀበላለች። እንዲያውም አመሻሽ ላይ ከባሕሩ ሽው የሚለው ነገር ደስ ስላላላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ነበር የሚቀመጡት። ያረፉት ከወሎ መጥታ ብዙ ዘመን እዚያ በኖረችው በዘሃራ ሻይ ቤት ነው። ዘሃራ በመጡ ማግስት፣ «ጋሼ፣ ቤት የሚፈልጉ ከሆነ ስለ ሰፈሩ ይጠይቁኝ» አለቻቸው። አቶ አውላቸው በልባቸው «ደላላ ናት» አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚለው ያደጉ ሰው ናቸውና፣ ማንንም ሳያማክሩ ብትራቸውን ይዘው ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ጀመር።

መጀመሪያ የሄዱት ባሕር ዳር ነው። ቤቶቹ የሳንቃ ናቸው፤ ሳንቃውም ተራርቆ ስለተመታ በመሃሉ እጅ ያሾልካል። ዋጋቸውን ሲሰሙ ብትራቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

«እኔ የምለው» አሏት የቤቱን ባለቤት፣ «ይህ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

«ለንፋስ ነዋ!» አለች ሴትዮዋ።

«እኛ አገር ለንፋስ ቀዳዳ አይከፈትለትም፤ ራሱ ይከፍታል።»

ይህን ብለው ወደ ገበያው ሰፈር አለፉ። እዚያ ደግሞ ጣራው ሁሉ ጠፍጣፋ፣ ጣራው ሁሉ የጠፍር አልጋ የተደረደረበት ነው። ቤተሰቡ ጣራ ላይ እንደሚተኛ ሲነገራቸው፣ «ታዲያ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል?» ብለው ጠየቁ። «ዕቃው» አሏቸው። አቶ አውላቸው እያማተቡ ወጡ። ዕቃውን አስተኝቶ ውጭ የሚያድር ሕዝብ መሃል ሚስቴን አላመጣም አሉ።

በስተመጨረሻ ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ አንድ ቤት አገኙ። የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ክንድ የሚያህል ወፍራም፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ድመት የሚያሾልክ። ዋጋውም ከሁሉ ርካሽ ነው። ርካሽ ነገር አቶ አውላቸውን ያስጠረጥራቸዋልና መረመሩት። ግድግዳውን በብትር መቱት፤ ሙሉ ድምፅ ሰጠ። አፈሩን አሸተቱ። ጅብ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አይመጣም ተባሉ። ጎረቤቱ ነገረኛ እንዳይሆን ዙሪያውን ቃኙ፤ ጎረቤት የሚባል የለም። ለምን እንደሌለ መጠየቅ ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን ጎረቤት ከሌለ ጠብም የለም ብለው ተደሰቱ።

የመጨረሻው ፈተና የመንዝ ፈተና ነበር። በሩን ከፍተው፣ መሃል ቤት ቆመው ክብሪት ጫሩ። ነበልባሏ ቀጥ ብላ ቆመች። አላዘነበለችም፣ አልተንቀጠቀጠችም፤ ክብሪቷ አልቃ ጣታቸውን እስክታቃጥላቸው ድረስ እንደቆመች ቀረች። አቶ አውላቸው በዕድሜያቸው ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበልባል አይተው አያውቁም። የበለጥሻቸውን ጉልበት አሰቡና ዕንባቸው መጣ።

የቤቱ ባለቤት ሀጂ ሁመድ የሚባሉ አፋር ዓሣ አጥማጅ ናቸው። አማርኛን የተማሩት ወደቡ ላይ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚሉት። ውሉን ለመጨረስ ዘሃራ ሻይ ቤት ተቀመጡ።

«አውላቸው፣ ስማኝ» አሉ ሀጂ። «ቀብድ ከመቀበሌ በፊት የቤቱን ነውር ልንገርህ። ነገ አላህ ፊት አልጠየቅም።»

አቶ አውላቸው ጠጋ አሉ። «ይንገሩኝ።»

«ይህ ቤት ንፋስ አይገባበትም።»

አቶ አውላቸው ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው።

«ትንሽም?»

«ሽው አይልም።»

«በክረምትስ?»

«በክረምትማ ጭራሽ! ያን ጊዜ ከባሕር የሚመጣውን ሁሉ ኮረብታው ይጋርደዋል። ለዚህ ነው ዋጋውን ዝቅ ያደረግሁልህ።»

አቶ አውላቸው ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸሸጉ። ደስታቸው ግን ብዙም አልቆየ፤ ሕሊናቸው ወቀሳቸው። ይህ የዋህ ሽማግሌ በእጁ ያለውን አያውቅም፤ ወርቁን ነውር ነው ብሎ በመዳብ ዋጋ ይሸጥልኛል፤ በሰው የዋህነት የተገዛ ቤት ውስጥ በለጥሻቸው እንዴት ትድናለች አሉ በልባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሀጂ፣ ልጨምርልዎት ነው።»

«ምን?»

«በዋጋው ላይ እጨምራለሁ። ሕሊናዬ እምቢ አለኝ።»

«ሰውዬ፣ ነውሩን ነገርኩህ እኮ!»

«ስለነገሩኝ ነው የምጨምረው!»

ሀጂ ሁመድ ወደ ዘሃራ ዞሩ። «ይህ ሰው ጤናውን ነው?»

«እስከ ትናንት ደህና ነበሩ» አለች ዘሃራ።

«እንግዲያው እኔ እቀንሳለሁ። የታመመ ሰው ገንዘብ ሐራም ነው።»

«አይቀንሱም!»

«እቀንሳለሁ!»

ሻጭ ልቀንስ፣ ገዥ ልጨምር እያለ ሲጨቃጨቅ አሰብ አይታ አታውቅም፤ የወደብ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ በር ላይ ተኮለኮለ። ዘሃራ አልቻለችም። «ጋሼ አውላቸው፣ እኔ አንድ ነገር ልበል፣ ያ ቤት እኮ…» ስትል አቶ አውላቸው እጃቸውን አነሱ። «ምንም አትበይ! የድለላ አልከፍልም።» ዘሃራም አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ በመጀመሪያው ዋጋ አስታረቃቸው። ሁለቱም እንደተበደሉ ሆነው ተጨባበጡ። አቶ አውላቸው ያንኑ ሳምንት ያቺን ድመት የምታሾልክ መስኮት በጭቃ መረጉ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው በክንፈ መኪና የመጡት በግንቦት ነው። አቶ አውላቸው ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ጋቢውን ጥለው፣ ሸሚዙን ጥለው፣ ደጅ በግልድም ያድሩ ነበር። አገሩ ለጊዜው ታሞ እንጂ ቤቱ ጥፋት አለበት ብለው ግን አላሰቡም። ወይዘሮዋ ገብተው ግድግዳውን ዳሰሱ፣ በሩን ዘጉ፣ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«እውነትም ንፋስ የለም» አሉ። «ሰው ነዎት!»

አቶ አውላቸው ያን ቀን መሬት አልረገጡም።

በማግስቱ ወይዘሮዋ ለጸሎት ሊያበሩ ከአገር ያመጡትን ጧፍ ከሞሰቡ ቢያወጡ፣ ጧፉ ሳይለኮስ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። አብሮት የመጣው ቅቤም ፈሶ ሞሰቡን አልፎ ወለሉ ላይ ወርዷል። ወይዘሮ በለጥሻቸውም ከቅቤው የተሻለ ዕጣ አልገጠማቸውም፤ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞሩ ዋሉ።

«ቁርጥማቱስ?» አሉ አቶ አውላቸው ፈራ ተባ እያሉ።

«ቁርጥማቱማ ለቀቀኝ። ነፍሴም አብራ ልትለቀኝ ነው።»

አቶ አውላቸው መስኮቱን የመረጉበትን ጭቃ በመዶሻ አፈረሱ። ንፋስ አልመጣም። ድንጋይ ነቀሉ፣ መስኮቱን በር አሳከሉት፤ በመስኮቱ የሚታየው ኮረብታ ብቻ ሆነ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ የሞቀውን ሙቀት በመስኮቱ አሾልኮ ይልክላቸው ጀመር። ወይዘሮ በለጥሻቸው ይህን ካዩ በኋላ አንድ ቃል ሳይናገሩ ልብሳቸውን ጠቀለሉ።

ክንፈ የመልስ ጭነቱን ጭኖ ዘሃራ ሻይ ቤት ደጅ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ወይዘሮዋ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አደረጉ። ጥቅልሉን የያዙት አቶ አውላቸው ናቸው፤ አያቀብሉም፣ አይከለክሉም። ወንድሟ ቤት ከገባች እንደማትወጣ ያውቃሉ። እሳቸው ደግሞ የሚመለሱበት በሬም ባሕር ዛፍም የለም። ላቡ በጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ያቀብሉኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው።

«በለጥሻቸው» አሉ አቶ አውላቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «አንቺ ከሄድሽማ ይህ አገርም ይበርደኛል።»

ወይዘሮዋ ዞረው አዩዋቸው። በዚያ ሐሩር ውስጥ፣ እንደ ተቀቀለ ድንች እየጨሱ «ይበርደኛል» ማለታቸው በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የሰሙት የመጀመሪያው የፍቅር ቃል ነበር። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልሆነም፤ ሳቁ ገንፍሎ ወጣ። መወጣጫው ላይ እንደቆሙ ግን ነበሩ።

ወሬው የደረሳቸው ሀጂ ሁመድ እየሮጡ መጡ። «አውላቸው! ያን ቤት ሰው ሊኖርበት እንደምትገዛው መቼ ነገርከኝ? ነውሩን ሰምተህም ስትገዛው፣ በኋላ ለጨው መስሎኝ! ጨው የባሕር ንፋስ ሲነካው ውሃ ይሆናል፤ አባቴ ቤቱን የሠራው ለጨው ነው። መልስልኝና በምትኩ ባሕር ዳር ያለውን የሳንቃ ቤቴን ውሰድ።»

አቶ አውላቸው ግራ ገብቷቸው፣ «ያንን… ያንን ቀዳዳውን?» አሉ።

«ቀዳዳውን!» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው ከመወጣጫው እየወረዱ። «ቀዳዳ የበዛበትን ይስጡን፣ አባቴ!»

ጥቅልሉን ከባላቸው እጅ ነጥቀው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ቀድመው ሄዱ፤ ጉልበታቸውም አላነከሰ። አቶ አውላቸው ብትራቸውን አንስተው ተከተሏቸው። ያን ጊዜ አንድ መንገደኛ ወደ ሻይ ቤቱ ጠጋ ብሎ እኒህ ሽማግሌ ምን ሆነው ነው ይህ ሁሉ ሰው የሚስቀው ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ ወር አፏን ይዛ የቆየችው ዘሃራ ሻዩን እየቀዳችለት፣ «ምን ይሆናሉ ብለህ ነው ወንድሜ፣ ንፋስ የሸሸ እሳት ገዛ» አለችው።